ኩማራስዋሚ ካማራጅና የትምህርት ቤት ምሳ

የድኻ ልጅ ከትምህርት ገበታ የሚቀርበት ምክንያት በቅርብ ሲመረመር፣ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የፍላጎት ማነስ ሳይሆን የምሳ ጉዳይ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ከዋለ ከብት የሚጠብቅ፣ እንጨት የሚለቅም፣ ታናሹን የሚያዝል አይኖርም፤ በዚህ ሥራ የሚያገኘው ቁራሽም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ክፍያ የማይጠየቅበት ትምህርት ቤት እንኳ ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ውድ ነው። ይህን እውነት ከብዙ ሊቃውንት ቀድመው የተረዱትና የመንግሥት መመሪያ ያደረጉት፣ ራሳቸው ስድስተኛ ክፍልን በቅጡ ያልዘለቁ ሰው ነበሩ። እኒህ ሰው በደቡብ ሕንድ የሚገኘውን የማድራስን ክፍለ ግዛት ከ1954 እስከ 1963 በዋና ሚኒስትርነት የመሩት ኩማራስዋሚ ካማራጅ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእፍኝ ሩዝ ትምህርት ቤት

ካማራጅ ጁላይ 15 ቀን 1903 ቪሩዱናጋር በምትባለው የንግድ ከተማ ተወለዱ። የተገኙበት የናዳር ማኅበረሰብ በአገሩ የዘር ደረጃ ሥርዓት ዝቅ ተደርጎ ይታይ የነበረ፣ አብዛኛው አባሉ ዘንባባ ላይ እየወጣ የዛፉን ፈሳሽ በመቅዳት ይተዳደር የነበረ፣ ወደ ብዙ ቤተ መቅደሶች እንዳይገባም የተከለከለ ወገን ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ከመካከሉ ብርቱ ነጋዴዎች ወጡ። እነዚህ ነጋዴዎች ከሽያጫቸው ላይ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ የጋራ ገንዘብ አቋቋሙ። በቪሩዱናጋር ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት በከፈቱ ጊዜም እያንዳንዱ ቤተሰብ ከዕለት ቀለቡ ላይ አንድ እፍኝ ሩዝ ለትምህርት ቤቱ እንዲያስቀምጥ ደነገጉ። ሩዙ ተጠራቅሞ የትምህርት ቤቱን ወጪ ያግዝ ነበር። ካማራጅ ከተማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ ይኸው በእፍኝ ሩዝ የቆመው ነው። ልጅን ማስተማር የአባትና የእናት ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ዕዳ መሆኑን ገና በሕፃንነታቸው በዓይናቸው አይተዋል።

አባታቸው ኩማራስዋሚ ናዳር የኮኮናት ነጋዴ ነበሩ፤ ካማራጅ የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ በድንገት አረፉ። እናታቸው ሲቫካሚ አማል ሁለት ሕፃናት ይዘው ቀሩ። ጌጣጌጣቸውን ሸጠው ገንዘቡን ለአንድ ነጋዴ በአደራ ካስቀመጡ በኋላ በየወሩ በሚያገኙት ወለድ ቤታቸውን ያስተዳድሩ ጀመር። ይህም አልበቃም። ካማራጅ 12 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው በአጎታቸው የጨርቅ መደብር ተቀጠሩ። ከዚያ በኋላ ወደ መደበኛ ትምህርት አልተመለሱም። ከትምህርት ያወጣቸው ስንፍና ወይም የችሎታ ጉድለት አልነበረም፤ የቤቱ ወጪ ነበር። በኋላ ዘመን በሥልጣን ላይ ሆነው የሠሩትን ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይገባል።

ከመደብር ወደ እስር ቤት

በ1919 በአምሪትሳር ከተማ በጃሊያንዋላ ባግ የእንግሊዝ ጦር በሰላማዊ ሕዝብ ላይ የፈጸመው ጭፍጨፋ በመላው ሕንድ ሲሰማ፣ ካማራጅ የ15 ዓመት ወጣት ነበሩ። ብዙ ሳይቆይ በጋንዲ ይመራ ወደነበረው የነፃነት ትግል ገቡ። መደብሩን ትተው ስብሰባ ማሰናዳት፣ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ጋዜጣ እያነበቡ ለማያነብቡት ማስረዳት ሥራቸው ሆነ። በ1930 በራጃጎፓላቻሪ መሪነት ወደ ቬዳራንያም የባሕር ዳርቻ በተደረገው የጨው ሰልፍ ተካፍለው ታሰሩ፤ ወደ ካልካታው አሊፖር እስር ቤትም ተላኩ። በጠቅላላው ስድስት ጊዜ ታስረው ከስምንት ዓመት በላይ በእስር አሳልፈዋል። በልጅነታቸው የተነጠቁትን ንባብ ያገኙት በዚሁ በእስር ቤት ነው። ትዳር አልመሠረቱም።

ሳትያሙርቲ የተባሉት የታወቁ የፓርላማ ሰውና ተናጋሪ የካማራጅ የፖለቲካ አስተማሪ ነበሩ። በ1936 ሳትያሙርቲ የታሚል አገር የኮንግረስ ፓርቲ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ካማራጅን ጸሐፊያቸው አደረጉ። በ1940 ካማራጅ ራሳቸው ለፕሬዚዳንትነት በተመረጡ ጊዜ ደግሞ አስተማሪያቸው በፈቃዳቸው ጸሐፊ ሆነው አገለገሏቸው። ካማራጅ ይህን ኃላፊነት እስከ 1954 ድረስ ይዘው ቆዩ። እንግሊዝኛ አቀላጥፈው የማይናገሩ፣ ረጅም ንግግር የማይወዱ፣ ነገር ግን የየወረዳውን ሰው በስሙ የሚያውቁ መሪ ሆኑ። ሰው ሲያናግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያዳምጡ ነበር፤ ሲመልሱ ደግሞ ቃላቸው አጭር ነበር።

የግማሽ ቀኑ ትምህርት

ካማራጅ ሥልጣን የያዙት በትምህርት ጉዳይ በተነሳ ሙግት ማግሥት ነው። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ዋና ሚኒስትር ራጃጎፓላቻሪ በ1953 በገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የትምህርቱ ሰዓት በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ እንዲሆን፣ ልጆቹ የቀረውን ጊዜ የወላጆቻቸውን የእጅ ሥራ እየተማሩ እንዲያሳልፉ የሚያዝ ዕቅድ አወጡ። የዕቅዱ ደጋፊዎች በአንድ ክፍልና በአንድ መምህር ሁለት ፈረቃ ለማስተማር ስለሚያስችል በጥቂት ገንዘብ ብዙ ልጅ ማስተማር ይቻላል ይሉ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ግን የሸማኔ ልጅ ሸማኔ፣ የቆዳ ፋቂ ልጅ ቆዳ ፋቂ ሆኖ እንዲቀር የሚያደርግ፣ የዘር ደረጃን በትምህርት ቤት በር የሚያጸና ዕቅድ ነው ብለው ተነሱ። ተቃውሞው በረታ፤ ራጃጎፓላቻሪም በ1954 ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ካማራጅ ኤፕሪል 13 ቀን 1954 የዋና ሚኒስትርነቱን ቦታ ያዙ። ዕቅዱም በዚያው ዓመት ተሻረ። ለሥልጣን የተወዳደሯቸውን ሱብራማንያምንና ዕጩነታቸውን ያቀረቡላቸውን ባክታቫትሳላምን ሁለቱንም በካቢኔያቸው አስገቡ፤ የገንዘብና የትምህርት ጉዳይንም ለሱብራማንያም ሰጡ። ይህ ከቂም ይልቅ ሥራን ያስቀደመ ውሳኔ ነበር፤ ምክንያቱም ትምህርትን ለማስፋፋት የሚጠይቀውና ገንዘቡን የሚመድበው አንድ ሰው በመሆኑ ብዙ ክርክር ሳይነሳ ቀርቷል።

ይሁን እንጂ የቀድሞውን ዕቅድ መሻር ብቻውን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት አያመጣም። የትምህርት ሰዓቱ ሙሉ ቀን ሲሆን የድኻው ልጅ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል፤ ግማሽ ቀን የሚሠራበትና ቁራሽ የሚያገኝበት ጊዜም አይኖረውምና። ራጃጎፓላቻሪ የገጠሙት ችግር እውነተኛ ነበር፤ መፍትሔው ግን ትምህርቱን ማሳጠር አልነበረም።

የእረኛው ልጅ

በታሚል ናዱ ዛሬም የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። ካማራጅ በገጠር ሲጓዙ መኪናቸው በባቡር ሐዲድ መሻገሪያ ላይ ቆመ። በዚያ ከብት የሚጠብቅ ልጅ አዩና ወርደው ትምህርት ቤት የማይሄደው ለምን እንደሆነ ጠየቁት። ልጁም ትምህርት ቤት ቢሄድ ምሳ የሚሰጠው እርሳቸው እንደሆኑ መልሶ ጠየቃቸው፤ ሳይበላ መማር እንደማይችልም ነገራቸው ይባላል። ታሪኩ በአፍ ሲተላለፍ መልኩን ለዋውጦ ሊሆን ይችላል፤ ነገሩ ግን በ12 ዓመታቸው ትምህርት ላቋረጡት ሰው አዲስ አልነበረም።

ለተማሪ ምሳ መስጠት ራሱ በማድራስ ፈጽሞ ያልታወቀ አልነበረም። የማድራስ ከተማ ማዘጋጃ ቤት በፒቲ ቲያጋራያ ቼቲ መሪነት በ1920 በአንድ ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ተማሪ በቀን ከአንድ አና በማይበልጥ ወጪ ምግብ እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። በዚያ ጊዜ የነበረው መንግሥት ግን ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የተመደበ ገንዘብ ለምግብ እንዳይውል በመከልከሉ ሥራው ተደናቀፈ። ክርክሩ ያኔም በኋላም አንድ ነበር፤ ምግብ የትምህርት ወጪ ነው ወይስ ምጽዋት? ሒሳብ ያዦቹ ምጽዋት ነው ሲሉ፣ ካማራጅ የትምህርት ወጪ ነው አሉ።

የካማራጅ የሥራ ባልደረባ በዚህ ጉዳይ የሕዝብ ትምህርት ዳይሬክተሩ ሱንዳራቫዲቬሉ ነበሩ። ግምጃ ቤቱ ወጪውን ሁሉ ለመሸከም የማይችል ስለነበር ሁለቱ ሥራውን ከሕዝቡ ለመጀመር ወሰኑ። በ1956 የባለቅኔው የሱብራማንያ ባራቲ የትውልድ ከተማ በሆነችው በኤታያፑራም በነዋሪው መዋጮ የምሳ ዝግጅት ተጀመረ። ካማራጅ በዚያ ሲናገሩ ለዚህ ሥራ ሲሉ ከተማ ለከተማ እየዞሩ ለመለመን እንኳ ዝግጁ መሆናቸውን እንደገለጹ ይነገራል። ከዚያ በኋላ መንደሮች ተራ በተራ ሥራውን ያዙ። መከር ሲገባ ሩዝ የሰጠ አለ፤ ማገዶ ያመጣ፣ አትክልት ያቀረበ፣ ድስት ያበረከተ አለ። የቪሩዱናጋር እፍኝ ሩዝ ወደ ክፍለ ግዛቱ ሁሉ ወጣ ማለት ይቻላል።

ከኖቬምበር 1957 ጀምሮ መንግሥት በሒሳቡ ገባ። የአንድ ልጅ የአንድ ቀን ምሳ በ10 ፓይሳ፣ ማለት በአንድ ሩፒ አንድ አሥረኛ ተተመነ። ከዚህም 6 ፓይሳውን መንግሥት ሲሸፍን 4 ፓይሳውን የየአካባቢው ሕዝብ እንዲያዋጣ ተደረገ። ምሳው በዓመት ለ200 የትምህርት ቀናት እንዲሰጥ ነበር የታቀደው። ከ1961 ጀምሮ ኬር የተባለው የአሜሪካ የርዳታ ድርጅት የወተት ዱቄት፣ ዘይትና የእህል ዱቄት በመስጠት አገዘ።

ከምሳ ባሻገር

ካማራጅና ሱንዳራቫዲቬሉ ምሳ ብቻውን እንደማይበቃ ያውቁ ነበር። በ1958 በቼንግልፑት አውራጃ በካዳምባቱር የትምህርት ቤት ማሻሻያ ጉባኤ የሚባለው ስብሰባ ተጀመረ። በጉባኤው ላይ የየትምህርት ቤቱ ጉድለት በዝርዝር ይነበባል፤ ወንበር፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ጽላት፣ ልብስ፣ የክፍል ጣሪያ። ከዚያም ነጋዴው፣ ባለርስቱ፣ የእጅ ባለሙያው የሚችለውን ይመዘግባል፤ ባለሥልጣኑም የተመዘገበውን ይቀበላል። ጉባኤው ከአውራጃ ወደ አውራጃ ተዛመተ።

ተማሪዎች አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ እንዲለብሱ የተደረገውም በዚሁ ዘመን ነው። የደንብ ልብስ በብዙ አገር ለወላጅ ተጨማሪ ወጪ ነው፤ በማድራስ ግን ለድኻ ልጆች በነፃ እንዲታደል ሆነ። ዓላማው ቀላል ነበር፤ የተቀደደ ልብስ የለበሰ ልጅ ጥሩ ከለበሰው ጎን በእፍረት እንዳይቀመጥ፣ ወላጅም ልብስ የለውም ብሎ ልጁን በቤት እንዳያስቀር ነው። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የትምህርት ክፍያ በመጀመሪያ ለአነስተኛ ገቢ ቤተሰቦች፣ ከዚያም በሰፊው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ድረስ ተነሳ። ለእያንዳንዱ መንደር በአንድ ማይል ርቀት ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲኖር በማሰብ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ።

መምህራንም አልተረሱም። በ1955 በመንግሥት ድጎማ በሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች ለሚያስተምሩ መምህራን ጡረታን፣ የቁጠባ ገንዘብንና የሕይወት ዋስትናን በአንድነት የያዘ ሥርዓት በማድራስ ተደነገገ። ከዚያ በፊት እነዚህ መምህራን ካስተማሩ በኋላ በእርጅናቸው ጊዜ የሚደገፉበት ጡረታ አልነበራቸውም። የተማሪውን ረኃብ የተመለከተው መንግሥት የመምህሩንም እርጅና መመልከቱ የአንድ አስተሳሰብ ሁለት ገጽታ ነው።

የዚህ ሁሉ ውጤት በሕዝብ ቆጠራ ታየ። በ1951 በማድራስ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከመቶ 21 ገደማ የነበረ ሲሆን፣ በ1961 ከመቶ 31 ገደማ ደረሰ። ይህ የምሳው ብቻ ፍሬ አይደለም፤ አዳዲሶቹ ትምህርት ቤቶች፣ የክፍያው መነሳትና ምሳው አንድ ላይ ያመጡት ነው።

ጉድለቱም ነበር። ሥራው በሕዝብ መዋጮ ላይ በመመሥረቱ የተሻለ ሀብት ያለው መንደር የተሻለ ምሳ አቀረበ፤ ምሳው ይበልጥ የሚያስፈልገው ድኻ መንደር ግን ድርሻውን ለመክፈል ተቸገረ። በ10 ፓይሳ የሚገኘው ምግብ የልጁን ሆድ ያዝ ቢያደርግም የጎደለውን ሁሉ የሚሞላ አልነበረም። ሩዝ መስፈር፣ መዝገብ መያዝና ማብሰሉን መቆጣጠር በመምህራን ላይ ወደቀ፤ ከማስተማሪያ ሰዓታቸውም ወሰደ። ሆኖም በአንድ ረድፍ ተቀምጠው ከአንድ ድስት የሚበሉ ሕፃናት፣ ወላጆቻቸው በአንድ ማዕድ ቀርበው የማያውቁ እንደነበሩ መዘንጋት አይገባም።

የሩዝ ዋጋና የ1967 ምርጫ

በ1963 ካማራጅ ታላላቅ የፓርቲው መሪዎች የመንግሥት ሥልጣናቸውን ለቀው ፓርቲውን ከሥር እንዲያጠናክሩ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ በስማቸው ይጠራል። ሐሳቡን ካቀረቡ በኋላ ራሳቸው ወደ ኋላ አላሉም፤ ኦክቶበር 2 ቀን 1963 የዋና ሚኒስትርነቱን ቦታ ለቀቁ። ቀጥሎም የመላው ሕንድ ኮንግረስ ፓርቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ኔህሩ በሜይ 1964፣ ተተኪያቸው ሻስትሪ ደግሞ በጃኑዋሪ 1966 ሲሞቱ፣ ሁለቱንም ጊዜ አዲሱን ጠቅላይ ሚኒስትር በማስመረጥ ከፍተኛውን ሚና የተጫወቱት ካማራጅ ናቸው። ራሳቸው ግን ለዚያ ሥልጣን አልተወዳደሩም።

በዚያው ጊዜ በማድራስ ነገሩ ተለወጠ። በ1965 የሂንዲ ቋንቋ ጉዳይ ብርቱ ተቃውሞ አስነሳ፤ በተቃውሞው ፊት የቆሙት ተማሪዎች ነበሩ። ሩዝም ተወደደ። ተቃዋሚው የድራቪዳ ሙኔትራ ካዛጋም ፓርቲ ሦስት መስፈሪያ ሩዝ በአንድ ሩፒ እንደሚያቀርብ ቃል ገብቶ በ1967ቱ ምርጫ አሸነፈ። ካማራጅ በትውልድ ከተማቸው በቪሩዱናጋር በአንድ ወጣት የተማሪዎች መሪ ተሸነፉ፤ ልዩነቱ 1,285 ድምፅ ነበር። ለልጆች ምሳ የሰጡት ሰው በሩዝ ዋጋ ወደቁ፤ ትምህርት ቤት የከፈቱለት ትውልድም ድምፁን ነሳቸው። ለብዙ ወዳጆቻቸው ይህ ውለታ ቢስነት መስሎ ታየ። ነገር ግን ከሌላ ወገን ሲታይ፣ ተምሮ ያደገ ትውልድ መንግሥቱን እንደ ለጋሽ ጌታ ሳይሆን እንደ ተቀጣሪ ቆጥሮ መጠየቁ የትምህርቱ ፍሬ ነው። ምሳው ምጽዋት ቢሆን ኖሮ የበላው ሰው አመስጋኝ ሆኖ ይኖር ነበር፤ መብት በመሆኑ ግን የድምፅ ዕዳ አላስከተለም። ካማራጅ የሕዝቡን ፍርድ ተቀብለው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ በ1969 በናጋርኮይል በተደረገ የማሟያ ምርጫ ወደ ሕንድ ፓርላማ ተመለሱ።

ካማራጅ ኦክቶበር 2 ቀን 1975 በጋንዲ የልደት በዓል ቀን፣ ሥልጣናቸውን በገዛ ፈቃዳቸው በለቀቁ ልክ በ12ኛው ዓመት፣ በ72 ዓመታቸው አረፉ። በማድራስ ይኖሩበት የነበረው ቤት የኪራይ ነበር። ትተውት የሄዱት ጥቂት ልብስ፣ መጻሕፍትና 130 ሩፒ ገደማ እንደነበረ ይነገራል። በሥልጣን ላይ ሳሉ በቪሩዱናጋር ለእናታቸው ቤት ብቻ የተለየ የውኃ ቧንቧ መግባቱን ሲሰሙ እንዲነቀል ማዘዛቸውም ይተረካል። በ1976 የሕንድ ከፍተኛው የክብር ሽልማት፣ ባራት ራትና፣ ከሞታቸው በኋላ ተሰጣቸው።

ከእርሳቸው በኋላ

በካማራጅ የተጀመረው ምሳ በኋላ የመጡ መሪዎች ተቀናቃኝ ፓርቲዎች ቢሆኑም አልተሻረም። በጁላይ 1982 ዋና ሚኒስትር ራማቻንድራን፣ ማድራስ ከ1969 ጀምሮ በያዘው ስሙ በታሚል ናዱ፣ ሥራውን በእጅጉ አስፋፍተው የመንግሥት ሙሉ ኃላፊነት አደረጉት። ብዙ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ያን ጊዜም ገንዘብ ማባከን ነው ብለው ነቅፈዋል። በዚህ ማሻሻያ ለየምግብ ቤቱ አስተባባሪና ምግብ አብሳይ ሴቶች በመቀጠራቸው የመምህሩ ሸክም ቀለለ። የሕንድ ማዕከላዊ መንግሥት በኦገስት 1995 ለመላ አገሪቱ ተመሳሳይ መርሐ ግብር አወጣ። በብዙ ክፍለ ግዛቶች ጥሬ እህል ብቻ ይታደል ስለነበር፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2001 የበሰለ ምሳ እንዲቀርብ አዘዘ። በ1920ዎቹ ሒሳብ ያዦች የከለከሉት ነገር በዳኛ ትእዛዝ የልጁ መብት ሆነ። ታሚል ናዱ በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁርስ መስጠት ጀመረ።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ መምህራን እንግዳ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ካስተማሩት ሕንዳውያን መምህራን በርካታዎቹ ከደቡብ ሕንድ የመጡ ነበሩ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ምገባው፣ የደንብ ልብሱና ደብተሩ አንድ ላይ መሰጠት ሲጀምሩም ጥያቄው ያው ነበር። ባዶ ሆዱን ክፍል የገባ ልጅ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ምን እንደሚሆን መምህሩ ከማንም አስቀድሞ ያያል። ካማራጅ ያን ልጅ ያዩት ከመምህሩ መድረክ ሳይሆን ከራሳቸው የልጅነት ወንበር ነው። ይህን አስታውሰው በሥልጣን በቆዩባቸው ዘጠኝ ዓመታት ለእርሱ መሥራታቸው ስማቸውን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሕፃናት ሳህን አጠገብ አኑሮታል።